ስሌት (ፒክአፕ መኪና)

ስሌት ትራክ፣ በአጭሩ ስሌት፣ ስሌት አውቶ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የነደፈው፣ በባትሪ ብቻ የሚሠራ፣ ሁለት ሰው የሚይዝ አነስተኛ ፒክአፕ መኪና ነው። ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 24 ቀን 2025 (ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.) በካሊፎርኒያ፣ ሎንግ ቢች ከተማ ነው። ኩባንያው በዚያን ጊዜ ለደንበኞች ማስረከብ የሚጀምረው በ2026 መጨረሻ ላይ እንደሆነ ተናግሯል። መኪናውን ዝነኛ ያደረጉት የጎደሉት ነገሮች ናቸው፦ ሬዲዮ የለውም፣ መሐል ላይ የሚቀመጥ ስክሪን የለውም፣ ቀለም አይቀባም፣ መስኮቱም በእጀታ እየተሽከረከረ ይከፈታል።

ኩባንያው ይፋ ባደረገው መሠረት ስሌት እስከ 1,000 ፓውንድ (454 ኪሎ ግራም) መጎተት፣ እስከ 1,433 ፓውንድ (650 ኪሎ ግራም) ደግሞ መሸከም ይችላል። በአገርኛ መለኪያ ሲታይ አራት ኩንታል ተኩል ይጎትታል፣ ስድስት ኩንታል ተኩል ይሸከማል ማለት ነው። ከሚጎትተው የሚሸከመው መብለጡ በፒክአፕ መኪኖች ዘንድ ያልተለመደ ነው፤ መኪናውን ለቀላል ጉተታ የሚያስብ ገዢም ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ይህንኑ ነው።

ስሙ

የእንግሊዝኛው ቃል ትርጉም የድሮ ተማሪዎች በጠመኔ የሚጽፉበት ጥቁር የድንጋይ ሰሌዳ ነው። ኩባንያው ስሙን የመረጠው መኪናው ባዶ ሰሌዳ ሆኖ ተሸጦ ባለቤቱ የፈለገውን እንዲጨምርበት ታስቦ ስለተሠራ ነው። ሒሳብ ማስላት ከሚለው የአማርኛ «ስሌት» ጋር ያለው መመሳሰል የአጋጣሚ ነው። ሆኖም መኪናውን ተጎታች አስሮ ለሚነዳ ሰው፣ ከታች እንደሚታየው፣ የአማርኛው ትርጉምም የሚስማማው ይመስላል።

ታሪክ

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ትንንሽ ፒክአፖች በብዛት ይታዩ ነበር። ከዚያ በኋላ እየተመናመኑ የሄዱበት ምክንያት ብዙ ነው፤ አንዱ ግን ከዶሮ ሥጋ ጋር የተያያዘ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአውሮፓ አገሮች ከአሜሪካ በሚገባ የዶሮ ሥጋ ላይ ቀረጥ ሲጨምሩ፣ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1963 መጨረሻ በአጸፋው ከውጭ በሚገቡ ጥቂት ዕቃዎች ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጣሉ። ከዕቃዎቹ መካከል ቀላል የጭነት መኪኖች ይገኙበታል። በሌሎቹ ላይ የተጣለው ቀረጥ ከጊዜ በኋላ ሲነሳ የጭነት መኪኖቹ ግን ሳይነሳ ቀረ፤ እስካሁንም «የዶሮ ቀረጥ» እየተባለ ይጠራል። በዚህ ምክንያት በሌላው ዓለም የሚሸጡ ርካሽ ትንንሽ ፒክአፖች ወደ አሜሪካ ገበያ ሊገቡ አልቻሉም፤ የአገር ውስጥ አምራቾችም ትርፍ ወደሚበዛባቸው ትላልቅ መኪኖች አዘነበሉ። ፎርድ ሬንጀር የተባለውን አነስተኛ ፒክአፑን በአሜሪካ በ2011 መሥራት አቁሞ በ2019 ሲመልሰው አካሉ ገዝፎ ነበር።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ፒክአፕም አዲስ ሐሳብ አይደለም። የካሊፎርኒያ ግዛት ጭስ አልባ መኪኖች እንዲሸጡ በ1990 ካወጣው ደንብ በኋላ፣ በአሥርቱ ዓመታት መጨረሻ ላይ ሸቭሮሌ ኤስ-10ን፣ ፎርድም ሬንጀርን በባትሪ አድርገው ሠርተው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ባትሪዎች በእርሳስና በአሲድ የተሠሩ ስለነበሩ ክብደታቸው ብዙ፣ የሚያስኬዱት ርቀት ደግሞ ጥቂት ነበር። ሁለቱም መኪኖች በብዛት ሳይመረቱ ቀሩ።

ስሌት አውቶ የተመሠረተው በ2022 ሲሆን መነሻው ሬቢልድ ማኑፋክቸሪንግ የተባለው ድርጅት ነው። መጀመሪያ ላይ ሬካር በሚል ስም ድምፁን አጥፍቶ ይሠራ ነበር። ዋና መሥሪያ ቤቱ በሚሺጋን ግዛት በትሮይ ከተማ ይገኛል። የአማዞን መሥራች ጄፍ ቤዞስ ገንዘብ ካፈሰሱበት ሰዎች አንዱ መሆኑ የተዘገበው መኪናው ለሕዝብ ከመታየቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። መኪናው ይፋ በሆነበት ጊዜ ኩባንያውን ትመራ የነበረችው ቀደም ሲል በክራይስለር የሠራችው ክሪስ ባርማን ናት። ለፋብሪካነት የተመረጠው በኢንዲያና ግዛት፣ ዋርሶ ከተማ የሚገኝ የቀድሞ ማተሚያ ቤት ነው። ሰው ወረፋ ለመያዝ የሚከፍለው ተመላሽ የሚሆን 50 ዶላር ብቻ ስለነበር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከ100,000 በላይ ሰዎች ተመዘገቡ። ተመላሽ በሆነ 50 ዶላር የተያዘ ወረፋ ግን መኪና ከመግዛት ጋር እኩል ሊቆጠር አይችልም።

አሠራር

የመኪናው ርዝመት 4.43 ሜትር ያህል ነው። በአሜሪካ በትንሽነቱ ከሚታወቀው ከፎርድ ማቭሪክ እንኳ ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ያጥራል። ካሶኒው 1.5 ሜትር ርዝመት አለው፤ ሞተር በሌለበት በፊተኛው ኮፈን ሥር ደግሞ ተጨማሪ የዕቃ ማስቀመጫ ተዘጋጅቶለታል። አንድ ሞተር ብቻ ሲኖረው የሚያሽከረክረው የኋላ ጎማዎችን ነው። ጉልበቱ 201 የፈረስ ጉልበት (150 ኪሎዋት) ሲሆን ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር ነው። መኪናው ባዶውን 1,634 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ባትሪ ለተሸከመ ፒክአፕ ይህ ቀላል የሚባል ነው።

የውጭ አካሉ በላሜራ ፈንታ በሻጋታ ከሚወጣ ግራጫ ፕላስቲክ ነው የተሠራው። ይህ ለመልክ ተብሎ የተደረገ አይደለም። በአንድ የመኪና ፋብሪካ ውስጥ ብዙ ገንዘብ ከሚያስወጡት ክፍሎች ሁለቱ ላሜራ የሚቀጠቅጡት ግዙፍ ማሽኖችና የቀለም ክፍሉ ናቸው፤ ስሌት ሁለቱንም አስቀርቷል። መኪናው የሚወጣው በአንድ ዓይነት ግራጫ ሲሆን ቀለም የሚፈልግ ሰው ተለጣፊ ፕላስቲክ ገዝቶ ራሱ ያለብሰዋል። ባለ አምስት መቀመጫ ማድረግ ለሚፈልግም ጣሪያ፣ የኋላ መቀመጫና የአደጋ ጊዜ የአየር ከረጢቶች ያሉት መለወጫ ዕቃ ለብቻው ይሸጣል ተብሏል።

ስክሪን የሌለው በመሆኑ የሹፌሩ ስልክ በመያዣ ላይ ተሰክቶ ለካርታና ለሙዚቃ ያገለግላል። በአሜሪካ ሕግ የሚያስገድደው የኋላ ካሜራ ምስል የሚታየው ከመሪው ኋላ ባለው ትንሽ ማሳያ ላይ ነው። ከሶፍትዌር አንጻር ሲታይ ይህ ከቁጠባም በላይ ጥሩ ውሳኔ ነው። መኪና አሥራ አምስት ዓመት ሊያገለግል ይችላል፤ በውስጡ የተገጠመ ኮምፒዩተር ግን በአምስትና በስድስት ዓመት ያረጃል። ስልክ ሲያረጅ መቀየር ቀላል ነው።

ባትሪና ቻርጅ

መደበኛው ባትሪ 52.7 ኪሎዋት-ሰዓት ይይዛል፤ በኩባንያው ግምት 240 ኪሎ ሜትር (150 ማይል) ያስኬዳል። ተጨማሪ የሚከፈልበት ትልቁ ባትሪ 84.3 ኪሎዋት-ሰዓት ሲሆን ግምቱ 386 ኪሎ ሜትር (240 ማይል) ነው። በሁለቱም ሒሳብ መኪናው ለ100 ኪሎ ሜትር ወደ 22 ኪሎዋት-ሰዓት ይፈጃል። ቤት ውስጥ በሚገጠም በ11 ኪሎዋት ቻርጀር ትንሹን ባትሪ ከባዶ ለመሙላት 5 ሰዓት ገደማ ይበቃል። በመንገድ ላይ ባሉ ፈጣን ጣቢያዎች እስከ 120 ኪሎዋት ይቀበላል፤ ከ20 እስከ 80 በመቶ ለመሙላት ከ30 ደቂቃ በታች እንደሚወስድ ተገልጿል። የቻርጅ መሰኪያው ቴስላ የጀመረውና በሰሜን አሜሪካ ሌሎች አምራቾችም የተቀበሉት ዓይነት ነው።

ተጎታች መጎተት

454 ኪሎ ሲባል የተጎታቹ የራሱ ክብደትም ተደምሮ ነው። ይህን የሚዘነጉ ብዙ ናቸው። ለምሳሌ አንድ ትንሽ ክፍት ተጎታች ባዶውን 180 ኪሎ ቢመዝን ለጭነት የሚተርፈው 274 ኪሎ ብቻ ነው። የሣር ማጨጃ ማሽን፣ አንድ ሞተር ሳይክል፣ ለቆሻሻ መጣያ የሚሄድ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ ቀለል ያለ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ከነማጓጓዣው በዚህ ውስጥ ይገባሉ። የተዘጋ ሳጥን ያለው ተጎታች ግን ወዲያውኑ ችግር ይፈጥራል። በአሜሪካ የታወቀው አከራይ ዩ-ሆል ከሚያከራያቸው ሳጥን ተጎታቾች ትንሹ፣ 4 በ8 ጫማ የሆነው፣ ባዶውን 850 ፓውንድ ማለትም 386 ኪሎ ይመዝናል። ስሌት ይህን ቢስብ ለጭነት የሚቀረው 68 ኪሎ ነው፤ አንድ ፍሪጅ ከተጫነበት በኋላ የሚጨመርበት ነገር አይኖርም። መኝታ ያላቸው የመዝናኛ ተጎታቾችም ከጥቂት በጣም ቀላል ዓይነቶች በቀር ከአቅሙ በላይ ናቸው።

ገደቡ ዝቅ ያለው ሞተሩ ደካማ ስለሆነ አይመስልም። 454 ኪሎ የሚመዝን ተጎታች 6 በመቶ ተዳፋት ባለው አቀበት ላይ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ሲወጣ፣ ክብደቱን ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ኃይል 7 ኪሎዋት አይሞላም፤ ሞተሩ ደግሞ 150 ኪሎዋት አለው። በተጨማሪም የኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ሲነሳ ሙሉ ጉልበቱን ስለሚሰጥ ከባድ ነገር ማስነሳት አይቸግረውም። የመጎተት አቅም የሚወሰነው ግን በሞተር ብቻ አይደለም። ጋንቾው የሚታሰርበት የኋላ አካል ጥንካሬ፣ ፍሬን፣ ባሌስትራና ሞላ፣ የጎማ አቅም፣ በረጅም አቀበት ላይ ሞተርና ባትሪ የሚቀዘቅዙበት ሁኔታ ሁሉ ይገባበታል። ቀላል መኪና በከባድ ተጎታች ሲገፋ ቁልቁለትና ኩርባ ላይ አቅጣጫውን ሊስት ይችላል። ስለዚህ «ሞተሩ ይችላል» ብሎ ከተጻፈው ገደብ በላይ ማሰር አደገኛ ነው፤ አደጋ ቢደርስም የኢንሹራንስ ጥያቄ ያስነሳል።

ሁለተኛው መታሰብ ያለበት ክብደት ተጎታቹ ጋንቾው ላይ የሚያሳርፈው ነው። በአሜሪካ የተለመደው ምክር ከተጎታቹ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በጋንቾው ላይ እንዲያርፍ ነው፤ ከዚያ ካነሰ ተጎታቹ መንገድ ላይ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ለ454 ኪሎ ይህ ከ45 እስከ 68 ኪሎ ይሆናል፤ ክብደቱም መኪናው ከሚሸከመው 650 ኪሎ ላይ ይቀነሳል። ሁለት ሰዎች 150 ኪሎ ቢመዝኑና ጋንቾው ላይ 50 ኪሎ ቢያርፍ ካሶኒው ላይ 450 ኪሎ ሊጫን ይችላል ማለት ነው።

ከዚህ ሒሳብ የሚወጣው ውጤት ለገዢ ጠቃሚ ነው። ብዙ ሰው ለተጎታች የሚያስበው ጭነት ካሶኒው ላይ ሊወጣ የሚችል ነው። አሸዋ፣ ሲሚንቶ፣ የቤት ዕቃ፣ የአትክልት አፈር የመሳሰለው ነገር ከካሶኒው ስፋት በላይ እስካልሆነ ድረስ ተጎታች ማሰሩ ለመኪናው የሚጨምርለት አቅም ትንሽ ነው። ተጎታች በእርግጥ የሚያስፈልገው ጭነቱ ረጅም ወይም ሰፊ ሲሆን፣ ለምሳሌ ጀልባ፣ ወይም ከፍ አድርጎ ካሶኒ ላይ መጫን ሲያስቸግር፣ ለምሳሌ ሞተር ሳይክል ወይም የማጨጃ ማሽን ሲሆን ነው።

ፍሬንን በተመለከተ የአሜሪካ ግዛቶች ሕግ ይለያያል። ብዙዎቹ ተጎታቹ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው የሚያስገድዱት ክብደቱ 3,000 ፓውንድ (1,361 ኪሎ) ሲያልፍ ነው፤ ካሊፎርኒያ ገደቡን ወደ 1,500 ፓውንድ (680 ኪሎ) ታወርደዋለች። ስሌት የሚስበው ከሁለቱም በታች ስለሆነ ባለቤቱ የተጎታች ፍሬን መቆጣጠሪያ የመግጠም ወጪ አይኖርበትም።

ርቀት እንዴት እንደሚቀንስ

ተጎታች ያሰረ የኤሌክትሪክ መኪና የሚሄደው ርቀት በብዙ ይቀንሳል። በትላልቅ የኤሌክትሪክ ፒክአፖች ላይ ከፍ ያለ የመዝናኛ ተጎታች አስረው የሞከሩ ሰዎች በተደጋጋሚ ያገኙት ውጤት ርቀቱ ወደ ግማሽ መውረዱን ነው። የነዳጅ መኪናም በተመሳሳይ ሁኔታ ነዳጅ ይበላል፤ ልዩነቱ የነዳጅ ማደያ ቅርብ መሆኑና ቀድቶ ለመሄድ አምስት ደቂቃ መብቃቱ ነው።

ዋናው ባለ ዕዳ ክብደቱ ሳይሆን ንፋስ ነው። በሜዳ ላይ ክብደት የሚጨምረው የጎማን መንከባለል ብቻ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ወደ ማመንጫነት ተለውጦ አቀበቱ ከፈጀው ጥቂቱን ይመልሳል፤ ባትሪው ሞልቶ ከሆነ ግን የሚመለሰውን አይቀበልም። የንፋስ ግፊት በፍጥነት ስኩዌር ስለሚያድግ ከ90 ወደ 110 ኪሎ ሜትር በሰዓት መጨመር ግፊቱን በግማሽ ያህል ከፍ ያደርገዋል። በመሆኑም ከጋቢናው ጣሪያ በታች የሚቀር ዝቅተኛ ክፍት ተጎታችና ግድግዳ የመሰለ ሳጥን፣ ክብደታቸው እኩል ቢሆንም፣ በባትሪው ላይ የሚያደርሱት ጫና በጣም ይለያያል።

ትንሹን ባትሪ ወስደን ብንቆጥር፦ ፍጆታው በሩብ ቢጨምር 240 ኪሎ ሜትሩ 192 ይሆናል፤ በግማሽ ቢጨምር 160፣ እጥፍ ቢሆን 120። ከዚህ ላይ ለጥንቃቄ 20 በመቶ ሳይነካ ቢቀር የመጨረሻው 96 ይሆናል። ሰው ወደ ቤቱ ተመልሶ ቻርጅ የሚያደርግ ከሆነ ከቤት ሊርቅ የሚችለው 48 ኪሎ ሜትር ነው። በከተማ ውስጥና በዙሪያዋ ለሚሠራ አትክልተኛ ወይም ቀለም ቀቢ ይህ አይጎዳውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቅ ድረስ ጀልባ ለሚወስድ ሰው ግን ትልቁን ባትሪ ያስመኛል፤ በክረምት ብርድ ደግሞ ቁጥሩ ከዚህም ይወርዳል።

እንደ ፎርድ ኤፍ-150 ላይትኒንግና ሪቪያን ያሉ ትላልቅ መኪኖች የተጎታቹን መጠን መዝግበው የቀረውን ርቀት በስክሪን ላይ ያሰላሉ። ሁሉ ነገር የተቀነሰለትን መኪና የሚነዳ ሰው ግን ሒሳቡን ራሱ ቢያውቀው ይሻለዋል።

የቻርጅ ጣቢያዎች አሠራርም ያስቸግራል። አብዛኞቹ ቦታዎች መኪና ፊቱን ወይም ጀርባውን አስገብቶ የሚቆምባቸው ስለሆኑ፣ ገመዱም አጭር ስለሆነ፣ ተጎታች ያሰረ ሹፌር ወይ ሌላ ሰው መንገድ ይዘጋል ወይ ተጎታቹን ፈትቶ ሌላ ቦታ ያቆማል። ትንሽ ተጎታችን በእጅ ገፍቶ ማስጠጋት ይቻላል፤ በዚህ ረገድ የስሌት ገደብ ማነሱ ጠቅሞታል ማለት ይቻላል።

ዋጋ

መኪናው ሲታይ የተነገረው ዋጋ «ከ20,000 ዶላር በታች» የሚል ነበር። በዚህ ቁጥር ውስጥ የፌዴራል መንግሥቱ ለኤሌክትሪክ መኪና ገዢዎች ይሰጥ የነበረው እስከ 7,500 ዶላር የሚደርስ የግብር ቅናሽ ተቀንሷል። ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2025 የፈረሙት ሕግ ቅናሹ ከሴፕቴምበር 30 በኋላ እንዲቀር አደረገ። የስሌት የመጀመሪያ መኪና ከመሸጡ ከአንድ ዓመት በፊት ማለት ነው። ኩባንያው የ20,000 ዶላሩን አባባል ከድረ ገጹ አነሳ፤ ከዚያ ወዲህ የተናገረው ዋጋው በ20 ሺዎቹ አጋማሽ ላይ እንደሚሆን ነው። ትልቁ ባትሪ፣ ተለጣፊ ቀለሙ፣ ድምፅ ማጉያውና መቀመጫው ሁሉ በዚህ ላይ የሚጨመሩ ናቸው።

ይህ ለውጥ ስሌትን ከፎርድ ማቭሪክ ጋር ፊት ለፊት አገናኘው። ማቭሪክ በ2022 ሞዴሉ 19,995 ዶላር ተብሎ የጀመረ ቢሆንም በየዓመቱ እየጨመረ በ2025 ወደ 28,000 ዶላር ደርሷል። በነዳጅና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ዲቃላ ነው፤ አምስት ሰው ይይዛል፤ ያለ ተጨማሪ ዕቃ 2,000 ፓውንድ (907 ኪሎ)፣ ለመጎተት በተዘጋጀው ጥቅል ደግሞ 4,000 ፓውንድ (1,814 ኪሎ) ይስባል። መጎተት ዋና ጉዳዩ የሆነ ሰው በጥቂት ሺህ ዶላር ልዩነት ከእጥፍ እስከ አራት እጥፍ የሚስብ መኪና ያገኛል። በአንጻሩ ነዳጅ መቅዳት፣ ዘይት መቀየርና የሚበላሽ ላሜራ ማስጠገን አይቀርለትም።

ትልልቆቹ የኤሌክትሪክ ፒክአፖች ለዚህ ዓይነቱ ገዢ አማራጭ ሊሆኑ አልቻሉም። ዋጋቸው ከስሌት እጥፍና ከዚያ በላይ ነው፤ ፎርድም በዲሴምበር 2025 ሙሉ በሙሉ በባትሪ የሚሠራውን ኤፍ-150 ላይትኒንግ ማምረት እንደሚያቆም አስታውቋል። ይኸው ኩባንያ በኦገስት 2025 ደግሞ ወደ 30,000 ዶላር የሚጠጋ፣ አራት በር ያለው መካከለኛ የኤሌክትሪክ ፒክአፕ በሉዊቪል ፋብሪካው አምርቶ በ2027 ለገበያ እንደሚያቀርብ ተናግሯል።